የቴክኖሎጂ ተመራማሪዎችና የልማት ሠራተኞች ትብብር

ቴክኖሎጂን ለልማት የማዋል ሥራ ተመራማሪንም የመስክ ሠራተኛንም ይፈልጋል። ተመራማሪው ነገሩ በእርግጥ ለውጥ ማምጣቱን ይመረምራል። የመስክ ሠራተኛው ደግሞ ክሊኒክ ወይም ማሳ ላይ ውሎ ሥራውን ያስኬዳል። ሁለቱም ወገኖች የሚገናኙበት አይሲቲዲ የተባለው ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ2006 በርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ ተጀመረ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በዚያው ዓመት በማይክሮሶፍት የህንድ የምርምር ማዕከል ዲጂታል ግሪን የሚባል ሥራ ተጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ገበሬዎች የራሳቸውን የአስተራረስ ዘዴ በቪዲዮ ያሳያሉ፣ ሌሎች ገበሬዎች ተሰብስበው ያያሉ። ተመራማሪዎቹ ከአንድ አገር በቀል የግብርና ድርጅት ጋር በህንዷ ካርናታካ ግዛት ውስጥ ሲሞክሩት አንድ ነገር ጎልቶ ወጣ። ተመልካቾቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት በቪዲዮው ላይ ያለው ገበሬ ማን እንደሆነና ከየትኛው መንደር እንደመጣ ነበር። እንደነሱ ያለ ሰው ሲሆን ያምኑታል። ቪዲዮውን እያቆመ ጥያቄ የሚጠይቅና የሚያወያይ የአካባቢው ሰውም የግድ ያስፈልጋል። በጥናቱ መሠረት በወጪ ሲሰላ ዘዴው ከተለመደው የግብርና ኤክስቴንሽን 10 እጥፍ ውጤታማ ሆኗል። ይህን ሁሉ ቢሮ ተቀምጦ ማወቅ አይቻልም ነበር።

ኬንያም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2005 የኤም-ፔሳ ሙከራ ሲጀመር ዓላማው ሰዎች የአነስተኛ ብድር ክፍያቸውን በስልክ እንዲፈጽሙ ነበር። ደንበኞቹ ግን ገንዘብ መላላኪያ አደረጉት። ሳፋሪኮም በ2007 አገልግሎቱን ሲከፍት ይህንኑ ይዞ ወጣ። ኢኮኖሚስቶቹ ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ ቤተሰቦችን ለዓመታት ተከታትለው በ2016 ባወጡት ጥናት፣ አገልግሎቱ 194,000 ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል።

ትብብሩ ግን ብዙ ጊዜ ይሰናከላል። ዋናው ምክንያት የጊዜ አለመጣጣም ይመስለኛል። ተመራማሪው ጥናቱ እስኪታተም ዓመታት ይጠብቃል፤ ድርጅቱ ደግሞ ለጋሹ የሚፈልገውን ሪፖርት ዛሬውኑ ማድረስ አለበት። የፕሮጀክቱ ገንዘብ ሲያልቅ ሙከራውም አብሮ ይቀራል። የኡጋንዳ ጤና ሚኒስቴር በ2012 መጀመሪያ ላይ አዳዲስ የዲጂታል ጤና ፕሮጀክቶችን ያገደው እርስ በርስ የማይናበቡ ሙከራዎች በዝተው ስለነበር ነው።

ዲኤችአይኤስ2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ከዚህ የተለየ መንገድ ይዟል። መነሻው በ1990ዎቹ ከአፓርታይድ በኋላ በነበረችው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከመነሻው ጀምሮ የተሳተፈው የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥራውን ዛሬም አልለቀቀም። ሥርዓቱን በየአገሩ የሚያስኬዱት የጤና ሚኒስቴር ሠራተኞች ናቸው። ከእነዚህ አገሮች የመጡ ባለሙያዎችም ኦስሎ ላይ ዶክትሬታቸውን በዚሁ ሥራ ላይ ይሠራሉ።