የሚያበሩት አይጦች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

አራት ኪሎ አካባቢ ባሉ ካፌዎች የባዮሎጂ ተማሪዎች ነርቮቿ እንዲበሩ ዘረመሏ የተለወጠ አይጥን፣ በአረንጓዴና በቢጫ ያሸበረቀ የአንጎል ምስል ከስልክ ወደ ስልክ ሲቀባበሉ፣ አብረውት የሚዘዋወሩ የተሳሳቱ ግምቶችም አሉ።

«አይጧ በጨለማ ታበራለች።» አታበራም። ነርቮቹን የሚያቀልመው ጂኤፍፒ የሚባል ፕሮቲን መጀመሪያ የተገኘው ከጄሊፊሽ ሲሆን፣ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ተቀብሎ አረንጓዴ አድርጎ ይመልሳል እንጂ ከራሱ ብርሃን አያመነጭም።

«ቀለሙ በመርፌ ይሰጣል።» ይህም ስሕተት ነው፤ ፕሮቲኑን የሚያሠራው ዘረመል የሚገባው በተፀነሰ እንቁላል ውስጥ ስለሆነ ወደ ልጆችም ይተላለፋል።

«ነርቮቹ ሁሉ ይበራሉ።» ሁሉም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2000 በነርቭ ተመራማሪዎቹ በጆሹዋ ሴንስና በጄፍ ሊክትማን የተመራው ቡድን ታይ1 የተባለውን የዘረመል መቆጣጠሪያ ተጠቅሞ 25 የአይጥ ዘሮችን ሲያወጣ፣ የመቆጣጠሪያው ክፍል አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ በእያንዳንዱ ዘር የበሩት ነርቮች የተለያዩ ሆነው ተገኙ፤ ለዚህም የሚሰጠው ምክንያት የገባው ዘረመል ክሮሞሶም ላይ የሚያርፍበት ቦታ በዕድል የሚወሰን መሆኑ ነው። በአንዳንዶቹ ዘሮች ጥቂት ነርቮች ብቻ መብራታቸው ደግሞ ጉድለት ሳይሆን ትልቁ ጥቅም ነው ባይ ነኝ፤ ፒያሳ ውስጥ ምሰሶ ላይ ከተጠላለፉት ጥቁር ሽቦዎች አንዱን ብቻ ቀይ ቀብቶ እስከ መጨረሻው የመከተል ያህል ነውና። ነርቩ ብቻውን ሲበራ በዴንድራይቱ (መልእክት ተቀባይ ቅርንጫፉ) ላይ ያሉት፣ ከሌሎች ነርቮች መልእክት የሚቀበሉት ጥቃቅን እሾህ መሰል ቡቃያዎች ሳይቀሩ ይለያሉ፤ በሕይወት ባለች አይጥ የራስ ቅል ላይ በተሠራ መስኮት በኩል የትኛው ቡቃያ እንደጠፋና የትኛው አዲስ እንደወጣ ለሳምንታት መከታተል ይቻላል።

«የበራው ነርቭ በዚያች ቅጽበት እየሠራ ያለው ነው።» ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው፤ ዜና ጸሐፊዎችም ይደጋግሙታል። ጂኤፍፒ የሚያሳየው የነርቩን ቅርጽና መገኛ ነው፤ ነርቩ ዝም ቢልም ይበራል። እንቅስቃሴን ለማየት ጂካምፕ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ እሱ የሚደምቀው ነርቩ ሲነቃ ወደ ውስጥ ከሚገባው ካልሲየም ጋር ሲጣመር ነው።

«በብሬይንቦው አይጦች የቀለሙ ልዩነት የነርቭ ዓይነትን ይናገራል።» አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው ይህ ነርቮችን በብዙ ቀለም የማቅለም ዘዴ ጥቂት ቀለም ሰጪ ፕሮቲኖችን በዘፈቀደ በማደባለቅ 90 ያህል የቀለም ዓይነቶችን ያስገኛል፤ ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉ አንድ ዓይነት ነርቮች አንዱ ሐምራዊ፣ ሌላው ብርቱካናማ ሊሆኑ ይችላሉ።

«ናሙናው እንደማንኛውም ናሙና ይዘጋጃል።» አይዘጋጅም። ጂኤፍፒ ናሙና እንዳይበላሽ የሚያደርገውን ፎርማሊን በልኩ ይቋቋማል፤ ፓራፊን የተባለውን ሰም ለማልበስ ሲባል ሕብረ ሕዋሱ በአልኮል ሲደርቅ ግን ድምቀቱ በእጅጉ ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ቤተ ሙከራዎች አንጎሉን በማቀዝቀዝ ወይም በቫይብራቶም (በሚንቀጠቀጥ ምላጭ በሚቆርጥ መሣሪያ) ይቆርጡታል፤ ብርሃኑ ከደከመም ጂኤፍፒን ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ይጨምራሉ።