ሲንክ ምንድን ነው? ድምፅ መጨመር አይደለም

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። የመርከብ መሪ ጨብጦ የሚያፏጭ አይጥ፣ ከሥሩ ደግሞ «በዓለም የመጀመሪያው ድምፅ ያለው ካርቱን» የሚል ጽሑፍ። የዚህ የሚኪ ማውስ ካርቱን፣ የስቲምቦት ዊሊ፣ የቅጂ መብት አሜሪካ ውስጥ በ2024 ካበቃ ወዲህ ይህ ቅንጭብ የሌለበት ቦታ የለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) ጽሑፉ ስህተት ነው፤ ግን እሱን እንኳ ለምጄዋለሁ። ያንገበገበኝ አንድ ስለ ፊልም የሚተነትን ሰው የሰጠው ማብራሪያ ነው፦ ሲንክ ማለት ምስሉ ድምፅ ሲኖረው ነው፤ በፊት አልነበረም፤ ዋልት ዲዝኒ ጨመረበት።

ጨመረበት! ወንድሜ፣ ድምፅ መጨመርማ ማንም ይጨምራል።

መጀመሪያ የታሪኩን ነገር ቶሎ ልጨርስ። ስቲምቦት ዊሊ ኒውዮርክ ብሮድዌይ ላይ በሚገኘው ኮሎኒ ቲያትር የታየው ኅዳር 18 ቀን 1928 ነው። ከዚያ በፊት የፍላይሸር ወንድማማቾች፣ ማክስና ዴቭ፣ ከ1924 ጀምሮ በሊ ዲ ፎረስት የድምፅ ሥርዓት የዘፈን ካርቱኖች ይሠሩ ነበር። ግጥሙ ስክሪኑ ላይ ይወጣል፣ ነጥብ መሳይ ኳስ ከቃል ቃል እየዘለለ ይመራል፣ ተመልካቹ አብሮ ይዘፍናል። በ1926 በሠሩት አንዱ ላይ እንዲያውም ውሻው ራሱ አፉን ከፍቶ ታዳሚውን ዝፈኑ ይላል። ፖል ቴሪም ከዲዝኒ ጥቂት ቀደም ብሎ ዲነር ታይም የሚባል ድምፅ ያለው ካርቱን አውጥቷል። ዲዝኒ ይህንን ኒውዮርክ ሄዶ አይቶታል፤ አልወደደውም። ጫጫታ ብቻ ሆነበት። ድምፅ ነበረዋ! ሲንኩ ነው ያላረካው።

ታዲያ ሲንክ ምንድን ነው? ምስሉና ድምፁ በአንድ ቆጠራ መሄዳቸው ነው። በቃ። አብረው መገኘታቸው ሳይሆን አብረው መቁጠራቸው።

እስክስታ የሚወርድ ሰው አስቡ። ጎበዝ ከሆነ ከበሮው እስኪመታ ጠብቆ አይደለም ትከሻውን የሚሰብቀው። ከጠበቀ ዘገየ፤ ሰርግ ቤት ያለ ሰው ሁሉ ይነቃበታል። የሚቀጥለው ምት የት እንደሚያርፍ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ትከሻውና ከበሮው እኩል ይደርሳሉ። አሁን ከበሮ መቺውን ሌላ ክፍል አስገቡት። ተወዛዋዡን ዛሬ ቅረጹት፣ ከበሮውን ከወር በኋላ። አይተያዩም፣ አይሰማሙም። የሚገናኙት ሁለቱም ቀድመው የያዙት አንድ ቆጠራ ካለ ብቻ ነው። ከሌለ ትከሻም አለ፣ ከበሮም አለ፣ እስክስታ ግን የለም። ዲነር ታይም ማለት ይኸው ነው።

ያንን ቆጠራ ለዲዝኒ ያመጣለት ዊልፍሬድ ጃክሰን የሚባል፣ ስቱዲዮው ውስጥ ገና ጀማሪ የነበረ ልጅ ነው። እናቱ ሙዚቃ አስተማሪ ነበረች። እሱም ሃርሞኒካ ይነፋል። ይዞ የመጣው ሜትሮኖም ነው፤ ያ ቀጭ ቀጭ እያለ ምት የሚቆጥረው መሣሪያ። የድምፅ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው የሚሮጠው፤ ፍሬም ማለት ፊልሙ የተሠራበት አንዱ ቋሚ ምስል ነው። ድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች ግን አንድ ወጥ ፍጥነት አልነበራቸውም፤ ቀራጩ በእጁ ያሽከረክራል፣ ሲኒማ ቤቱም በፈለገው ፍጥነት ያሳያል። ድምፅ ሲመጣ ፍጥነቱን ማጽናት ግድ ሆነ፤ አለዚያ ዘፋኙ ባንዱ ሲኒማ ቤት ይቀጥናል፣ በሌላው ይጎረንናል። ፍጥነቱ አንዴ ከጸና ግን ሒሳቡ የልጅ ሒሳብ ነው። በሰከንድ ሁለት ምት ያለው ዘፈን ከሆነ አንዱ ምት 12 ፍሬም ይወስዳል። ስለዚህ አይጡ ድስት የሚመታ ከሆነ ማንኪያው በየ12 ፍሬሙ ድስቱ ላይ ማረፍ አለበት። ይህ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ በአንድ በኩል ሙዚቃው፣ በሌላ በኩል ድርጊቱ። ከዚያ በኋላ ነው አኒሜተሩ፣ ማለትም የካርቱኑ ሰዓሊ፣ እርሳስ የሚያነሳው።

(ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር፦ 24 ፍሬም ማለት 24 ስዕል ማለት አይደለም። አኒሜተሮች ብዙ ጊዜ አንዱን ስዕል ለሁለት ፍሬም ያቆዩታል። ስለዚህ ካርቱን ላይ «አንድ ፍሬም አለፈ» ብሎ የሚከራከር ኤዲተር የሚከራከረው ስዕሉ ባልተቀየረበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ደርሶብኛል።)

ሥራው በከፊል እንዳለቀ የሞከሩበት መንገድ ደስ ይለኛል። ማታ ነው። ሚስቶቻቸውና ፍቅረኞቻቸው ተሰብስበው ይመለከታሉ። የዲዝኒ ወንድም ሮይ ፕሮጀክተሩን ውጭ አድርጎ በመስኮት ያበራል፣ የማሽኑ ድምፅ እንዳይረብሽ። ሌሎቹ ከተወጠረው ጨርቅ ጀርባ ሆነው ጃክሰን ሃርሞኒካውን ይነፋል፣ ዋናው አኒሜተር አብ አይወርክስ ድስትና ሰሃን ይቀጠቅጣል። ቀረጻ የለም፤ ድምፁ የሚፈጠረው እዚያው ነው። ግን ገጠመ። ለምን? ከጨርቁ ጀርባ ያሉትም ስዕሉም አንድ ወረቀት ስለተከተሉ።

እዚህ ላይ ያ ተንታኝ «ግን ድምፁ የተቀረጸው በኋላ አይደል?» ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው። ስዕሉ ካሊፎርኒያ ውስጥ አለቀ፣ ድምፁ ኒውዮርክ ውስጥ ሲኔፎን በሚባለው የነጋዴው ፓት ፓወርስ የድምፅ መቅረጫ ሥርዓት ተቀረጸ። በኋላ መቀረጹና በኋላ መታሰቡ ግን ለየቅል ናቸው። እንዲያውም የኒውዮርኩ ቀረጻ ነገሩን የበለጠ ግልጽ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ቀን አልተሳካም። የኦርኬስትራው መሪ ካርል ኤዱዋርድ ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ ሙዚቀኞቹም የሚጫወቱትን የሚያውቁ። ግን ከምስሉ ጋር አልገጠሙም። ከበሮ መቺው የራሱን ስሜት ይዞ ሄደ ማለት ነው። ሰርግ ቤት ቢሆን ችግር የለም፤ መቺው ሲፈጥን ተወዛዋዡ ይከተለዋል። እዚህ ግን ተወዛዋዡ ተስሎ አልቋል። ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ለሁለተኛው ቀን የሙዚቀኞቹን ቁጥር ቀነሱ፣ ፊልሙ ላይም የምቱን ቦታ የሚያሳይ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል ኳስ አወጡ። መሪው ኳሱን እያየ መራ። ተሳካ። ለዚህ ሁለተኛ ቀን ገንዘብ ዲዝኒ መኪናውን ሸጧል።

አሁን ፊልሙን ራሱን እንየው፤ ሌላው የሚያናድደኝ ነገር እዚያው አለና። ብዙ ሰው ሲንክ ሲባል ከንፈር ብቻ ነው የሚታየው። አፍና ቃል ከገጠሙ ሲንክ ነው፣ ካልገጠሙ አይደለም። ሚኪ ግን ስቲምቦት ዊሊ ላይ አንድም ቃል አይናገርም! ያፏጫል፣ ይስቃል፣ ይጮኻል። ቃል የሚወጣው ከበቀቀኑ ነው። ሚኪ ራሱ ቃል የተናገረው በ1929 ዘ ካርኒቫል ኪድ ላይ ነው። የሲንክ ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰው ፊልም ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ከንፈሩ የሚገጥምበት ቃል የለውም ማለት ነው።

ሲንኩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፍየሉ የሚኪ ወዳጅ የሆነችውን የሚኒን ዩኩሌሌ (ትንሽ ጊታር መሳይ መሣሪያ) እና የኖታ ወረቀት ይበላል። ሚኒ ጅራቱን እንደ መዘውር ታዞራለች፣ ከፍየሉ አፍ ሙዚቃ ይወጣል። የጅራቱን ዙርና ዜማውን አንድ ላይ ቁጠሩት፤ ይገጥማል። ከዚያ ሚኪ ድስቱን፣ በርሜሉን፣ የልብስ ማጠቢያ ጣውላውን ሁሉ መሣሪያ ያደርጋል። በመጨረሻ የላሟን አፍ ከፍቶ ጥርሷን በሁለት ዱላ እንደ ዛይሎፎን፣ በዱላ እየተመታ ዜማ እንደሚያወጣው መሣሪያ፣ ይመታል። እያንዳንዱ ጥርስ ላይ ዱላው ሲያርፍ ኖታው እዚያው ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጋችሁ እዩት፤ ዜማውን በዓይናችሁ ትከተሉታላችሁ። (ስለዚህ አይጥ ቆንጆነት የሚወራው ግን አይገባኝም። ድመት በጅራቷ ይዞ የሚያሽከረክር፣ ዝይ ጨምቆ የሚያስጮህ አይጥ ነው።)

የፊልም ሙዚቃ ሰዎች ሙዚቃው እያንዳንዱን እርምጃና ውድቀት ሲከተል ሚኪ ማውሲንግ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ ስድብ ነው፤ ሙዚቃው ራሱን ችሎ አላሰበም ለማለት። ድራማ ላይ አንዲት ሴት ደረጃ በወረደች ቁጥር ፒያኖው አብሮ ከወረደ እኔም እስቃለሁ። ያ ግን የምርጫ ችግር እንጂ የሲንክ ችግር አይደለም። ሲንኩማ ከሚገባው በላይ ገጥሟል።

ከራሴ ሥራ ደግሞ። «ሲንክ የለውም» ብላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት የት ሆናችሁ እያያችሁ እንደሆነ አረጋግጡ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ያስቀመጠው መለኪያ አለ፦ ድምፁ ከምስሉ 45 ሚሊሰከንድ ያህል ከቀደመ ሰው ይነቃል፤ ከዘገየ ግን እስከ 125 ድረስ ላይነቃ ይችላል። በ24 ፍሬም ሲሰላ አንድ ፍሬም መቅደም ያስነቃል፣ ሦስት ፍሬም መዘግየት ሊያልፍ ይችላል። ተፈጥሮም እንደዚያው ነው፤ ድምፅ ሁሌም ከብርሃን በኋላ ነው የሚደርሰው። ሲኒማ ቤት ከድምፅ ማጉያው 20 ሜትር ርቃችሁ ከተቀመጣችሁ ድምፁ ከአንድ ፍሬም በላይ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ፣ ፊልሙ ምንም ሳይሆን። ገመድ አልባ ማዳመጫ ካደረጋችሁማ ከዚያም ሊብስ ይችላል።

በአማርኛ የሚመለሱት የቱርክ ድራማዎች ላይ የሚነሳው ቅሬታም አብዛኛው የሲንክ አይደለም። የቱርኩ ተዋናይ አፍ የአማርኛ ቃል ቅርጽ የለውም፤ ጎበዝ ተርጓሚ ሊያቀራርበው ይችላል እንጂ አያገጥመውም። ሲንኩን ማወቅ ከፈለጋችሁ በሩ ሲዘጋ እዩ። ጥፊው ሲያርፍ እዩ። ብርጭቆው ጠረጴዛ ሲነካ እዩ። እሱ ከገጠመ ሲንኩ ጤነኛ ነው።

ካልገጠመ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ከዘገየ ድምፁን መጎተት ብቻ ነው፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ። ሲጀምር ገጥሞ እየቆየ ከሸሸ ግን ፍጥነቱ ነው የተለያየው። ለ24 ፍሬም የተሠራ ድምፅ በ25 ፍሬም ከሚሮጥ ምስል ጋር ከተጋባ በየደቂቃው 2.4 ሰከንድ ይራራቃሉ። እኛ ጋ ቴሌቪዥኑ በ25 ስለሆነ ከውጭ የመጣ ፋይል ላይ ይህ ሁሌ ያጋጥማል። እባካችሁ እሱን እየቆራረጣችሁ አታስተካክሉ። መጀመሪያ ፋይሉ በሰከንድ ስንት ፍሬም እንደሆነ እዩ።