ችፌ ላይ የሚወሩ ነገሮችና እውነታው፣ በተለይ ሰሜን ሸዋ ገጠር ላላችሁ

ችፌ፣ ብዙዎቻችን ኤግዚማ ወይ የቆዳ አለርጂ የምንለው፣ አይገድልም ተብሎ ከቁብ የሚቆጥረው የለም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ የሚያድር ህፃን ያለበት ቤት ምን እንደሚመስል የደረሰበት ያውቀዋል። ጤና ጣቢያ የምሰራ ነርስ ነኝ፣ ከመንዝም ከመርሃቤቴም ከቀወትም ልጅ አዝለው የሚመጡ እናቶች ዘግይተው የሚመጡት ደንታ ስለሌላቸው አይደለም፣ አንድም መንገዱና ብሩ ነው፣ አንድም የሚነገራቸው የተሳሳተ ነገር ነው። የተሳሳተውን ደሞ ጎረቤት ብቻ አይደለም የሚናገረው፣ ባለሙያም አለበት።

"ይተላለፋል፣ ልጆቻችሁን አርቁ"

አይተላለፍም። አብሮ በመብላት አይተላለፍ፣ አብሮ በመተኛት አይተላለፍ። ቆዳው ከተፈጥሮው እርጥበት መያዝ የሚያቅተውና በትንሽ ነገር የሚቆጣ ስለሆነ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 አመት በፊት ይጀምራል፣ ቤተሰብ ውስጥ አስም ካለ ደሞ እድሉ ይጨምራል። ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ ክልላችን ውስጥ እከክ ክፉኛ ተሰራጭቶ ነበር፣ እከክ ደሞ እውነትም ይተላለፋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው በላይ የሚያሳክከው ካለ፣ ማታ ማታ የሚብስ ከሆነ፣ በጣቶች መሃልና በእጅ አንጓ ላይ ከወጣ መጀመሪያ እከክ ይጠርጠር፣ ከሆነም ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይታከም። ችፌ ህፃን ላይ ጉንጭን፣ ከፍ ሲል የክርንና የጉልበት መታጠፊያን ይወዳል።

"ካልቀላ ችፌ አይደለም"

ይሄ የባለሙያ ስህተት ነው። ለብዙ ዘመን የቆዳ መማሪያ መፅሐፍት ላይ ያሉት ፎቶዎች ባብዛኛው የነጭ ቆዳ ናቸው፣ በነጭ ቆዳ ላይ ችፌ ቀይ ነው። በኛ ቆዳ ላይ ግን አመድማ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይ ወደ ሐምራዊ የሚወስድ ይሆናል፣ አንዳንዴም ከፀጉር መውጫው ዙሪያ ብርድ እንደመታው ቆዳ የሻከሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ቅላቱን ብቻ የሚፈልግ አይን ከባዱን "ቀላል ነው" ብሎ ይመልሰዋል። እጃችሁን አሳርፋችሁ ዳስሱት፣ ወፍሯል? ሻክሯል? ይሞቃል? እናትየዋን ደሞ ልጁ ሌሊት ይተኛል ወይ ብላችሁ ጠይቋት። ሲድን የሚቀረው ጥቁር ወይ ነጣ ያለ ምልክት ለምፅም አይደለም፣ ጠባሳም አይደለም፣ ወራት ይፈጃል እንጂ ቀስ እያለ ይመለሳል።

"ንፅህና ስለሌላቸው ነው፣ በደንብ እጠቡት"

እዚህ ላይ ብዙ ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም እናቶችን የሚያሸማቅቅ ንግግር ይሄ ነው። አንዷ እናት ይሄን ሰምታ ትሄድና ልጇን በልብስ ሳሙና በቀን ሁለቴ ትፈገፍገዋለች፣ የቀረችውን ትንሽ ቅባት ጠርጋ ታወጣለች፣ ልጁ ይብስበታል፣ እሷም አላጠብኩትም ማለት ነው ብላ ጨምራ ታጥባለች። በእንዶድ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በበረኪና የሚያሹም አሉ፣ ነጭ ሽንኩርትና ያልተበረዘ በረኪና እኮ ቆዳ ያቃጥላሉ። የሚያስፈልገው ለብ ባለ ውሃ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሽታ በሌለው ለስላሳ ሳሙና ቆሻሻው ያለበትን ቦታ ብቻ፣ ከዛ በጨርቅ ሳይፈገፍጉ ተጭኖ ማድረቅና ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ሽታ የሌለው ቫዝሊን መቀባት ነው፣ ባይታጠብም ቀን ሁለቴ መቀባት አለበት። ቫዝሊን ርካሽ ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም፣ ውድ ከሆኑት ቅባቶች ባልተናነሰ ይሰራል። ችግሩ መላ ሰውነቱ የደረቀ ልጅ በሳምንት 250 ግራም ሊጨርስ ይችላል፣ እንግዲህ ትንሿን ቆርቆሮ ገዝተው "ሞከርነው አልሰራም" ቢሉ ምን ይገርማል። ቅቤ ግን በቆሰለ ቆዳ ላይ አትቀቡ፣ በተቆጣ ቆዳ በኩል የሚገባ ምግብ የምግብ አለርጂ ሊያስጀምር ይችላል።

የመንዝ ባና ይሞቃል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ፣ በጥቅምትና ህዳር ውርጭ፣ ያለሱ አይታደርም፣ ግን ሱፍ የችፌን ቆዳ ይወጋል። ከውስጥ ያረጀ ለስላሳ የጥጥ ነጠላ ወይ ጋቢ፣ ባናው ከላይ። ሸዋ ሮቢት ወረድ ስትሉ ደሞ የሚያስቆጣው ላብ ነው፣ ሳሳ ያለ ጥጥ አልብሱት። ፀበል የሚጠመቅ ልጅ ካለ መጠመቁ ከህክምና ጋር አይጣላም፣ ቀዝቃዛ ውሃ በተደጋጋሚ ሲነካው ስለሚደርቅ ከጥምቀቱ በኋላ ቅባት መቀባት ይቻል እንደሆነ ከንስሃ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

"ያ ክሬም ቆዳ ይልጣል" ወይም "ሁሉንም ያድናል"

ሁለቱም ስህተት ነው። የሚወራላቸው የስቴሮይድ ክሬሞች፣ ማለትም የቆዳን መቆጣት የሚያበርዱት፣ እኩል አይደሉም፤ ሀይድሮኮርቲዞን 1 ፐርሰንት ቀላል ነው፣ ቤታሜታዞን ጠንካራ፣ ክሎቤታሶል በጣም ጠንካራ። ቆዳ የሚያሳሱት ያለ ትእዛዝ ለወራት፣ በተለይ ፊት ለማቅላት ሲቀቡ ነው። በትክክል፣ በቀን አንዴ ወይ ሁለቴ፣ እስኪረግብ ድረስ ከተቀባ ልጅን የሚያሳርፍ መድኃኒት ነው። መጠኑ፣ ከአዋቂ ሌባ ጣት የመጨረሻ አንጓ እስከ ጫፍ የወጣው ክሬም ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ ይሸፍናል። ከፋርማሲ ስሙ የማይታወቅ ቅልቅል ክሬም ገዝቶ ጭርት ላይ መቀባት ግን ማሳከኩን አስተኝቶ ጭርቱን ያስፋፋዋል።

"እንቁላልና ወተት አስቁሙት"

በግምት አታስቁሙ። አብዛኛው ችፌ ከምግብ አይመጣም፣ ያስቆማችሁት ምግብ ግን ልጁን ያቀጭጨዋል። እንቁላል በበላ ደቂቃዎች ውስጥ ከንፈሩ የሚያብጥ ወይ የሚያስታውከው ልጅ ካለ ያ ሌላ ነው፣ ይታይ።

"አዲስ አበባ አለርት ካልሄደ አይድንም"

አለርት ትልቅ የቆዳ ሆስፒታል ነው፣ ግን ከደብረ ብርሃን እራሱ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከሚዳ ለሚነሳ ደሞ ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ የቀረ የእርሻ ቀን አለ። ቀላልና መካከለኛ ችፌ ጤና ጣቢያ ይታከማል። ሪፈር የሚፃፈው በትክክል ተቀብቶም ካልረገበ ወይ ምርመራው ካጠራጠረ ነው። እናም "ገጠሬ ትእዛዝ አይከተልም" የሚሉ ባልደረቦቼ፣ የጤና መድን ደብተር ይዛ መጥታ መድኃኒቱ የለም ከውጭ ግዢ የተባለች ሴት ምኑን ትከተል? ከመላካችን በፊት ፋርማሲያችን ውስጥ ያለውን እንይ፣ የት የት፣ ስንት ጊዜ፣ መቼ እንደሚቆም እያሳየን እንንገር፣ ማንበብ ለማትችል ደግማ እንድታሳየን እናድርግ። ግንቦት 2017 የአለም ጤና ጉባኤ የቆዳ በሽታን አለም አቀፍ የጤና ጉዳይ አድርጎ ውሳኔ አፅድቋል፣ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ቫዝሊንና ሀይድሮኮርቲዞን አይጠፋ ብለን ወረዳውን ስንጠይቅ ይሄን መጥቀስ እንችላለን።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። ችፌ ያለበት ልጅ ድንገት ትኩሳት ይዞት፣ የሚያሙ፣ በምስማር የተበሱ የሚመስሉ ጥቃቅን ቁስሎች ከወጡበት ቫይረስ ገብቶበት ሊሆን ይችላል፣ ቢጫ መግልና እየሰፋ የሚሄድ እብጠት ደሞ ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፣ ሁለቱም ቢሆን በዛው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።