የማሞቂያውን ቁልፍ መጨረሻ ድረስ ማዞር ቤቱን ቶሎ ያሞቃል?

አያሞቅም። ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና ግን ብዙ ሰው ገና ከደጅ እንደገባ ቁልፉን እስከ መጨረሻው ነው የሚያዞረው። ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶች በዚህ ይስቁብናል። እነሱ ምን አለባቸው፣ ወይና ደጋ ናቸው!

ያ የሚዞረው ቁልፍ ቴርሞስታት ነው። ሥራው ሙቀቱ የት ሲደርስ ማሞቂያው እንደሚያርፍ መወሰን እንጂ ፍጥነት መጨመር አይደለም። የ2,000 ዋት ማሞቂያ ቁልፉ መሀል ላይም ይሁን መጨረሻ ላይ፣ እየሠራ ሳለ የሚስበው ያው 2,000 ዋት ነው። መሀል ላይ ከሆነ ክፍሉ ሲሞቅ ቀጭ ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሳል። መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ በበሩ ሥር ንፋስ በሚገባበት ቤት ጭራሽ ላያርፍ ይችላል። 3 ሰዓት ሳያርፍ ከሠራ ቆጣሪው 6 ኪሎዋት ሰዓት ቆጠረ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የበሩን ሥር በጨርቅ ድፈኑ።

ብርዱ ሳይመጣ ከሶኬት ነቅላችሁ አቧራውን በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። መጀመሪያ ሲበራ የሚሸተው አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠል አቧራ ነው። ቀጭን ማከፋፈያ ላይ አትሰኩት፤ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ገመዱ ይግላል። እርጥብ ጋቢም አታስጡበት።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ የከሰል ምድጃ ይገባል። «ፍሙ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል» የሚባለውን አትመኑ። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ከቀላ ፍምም ይወጣል። መስኮት ክፈቱ፤ ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ወደ ውጭ አውጡት።