ኮንቴይነር ምንድን ነው? ቪዲዮውን «ኮንቨርት» ከማድረጋችሁ በፊት

ራስበሪ ፓይ በተባለችው ትንሽ ኮምፒውተር የቀረጸው ቪዲዮ አይፎን ላይ አልከፈት ያለው ሰው ምን ላድርግ ሲል መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «ወደ ኤምፒ4 ኮንቨርት አድርገው።» ኦንላይን መቀየሪያ ይጠቁሙታል። ቪዲዮው ይከፈትለታል፤ ጥራቱ ግን ወርዷል። ይህ ምክር ያናድደኛል። ኮንቴይነርን ከኮዴክ ጋር ያምታታል።

ኮዴክ ምስሉ የሚጨመቅበት ስልት ነው፤ ለምሳሌ ኤች 264 ወይም ኤችኢቪሲ። ኮንቴይነር ግን የተጨመቀውን ምስልና ድምፅ አንድ ላይ ይይዛል፤ የትኛው ፍሬም (ነጠላ ምስል) መቼ እንደሚታይም ይመዘግባል። ኤምፒ4፣ ኤምኦቪና ኤምኬቪ ኮንቴይነሮች ናቸው።

የተቆላ ቡና አስቡ። ኮዴኩ አቆላሉ ነው፣ ኮንቴይነሩ ከረጢቱ። ቡናውን ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው ብትገለብጡት ያው ቡና ነው። ይህ ሪመክስ ይባላል። ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ የቪዲዮ ፕሮግራም «ኮፒ» በሚለው አማራጭ ይሠራል፤ ረጅም ቪዲዮም ቢሆን ብዙ አያስጠብቅም። ብዙዎቹ መቀየሪያዎች የሚያደርጉት ግን ቡናውን መልሶ መቁላት ነው። አንዴ ካረረ ደግሞ አይመለስም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ብቻ መቀየርስ? እሱማ ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ሰርዞ ሌላ መጻፍ ነው።

ፓይ ላይ ችግሩ ይብሳል። አርፒካም ቪድ የተባለው የፓይ ካሜራ መቅረጫ ጥሬ የኤች 264 ፋይል ሲያወጣ ከረጢት የሚባል ነገር የለም፤ ቡናው ምንጣፍ ላይ ተዘርግፏል። ፋይሉ ውስጥ የፍሬሞቹ ሰዓት አልተመዘገበም። ስለዚህ ኤፍኤፍኤምፔግ ካልነገራችሁት በሰከንድ 25 ፍሬም ነው ብሎ ይወስዳል። አርፒካም ደግሞ ካልነገራችሁት የሚቀርጸው በ30 ነው። የ10 ደቂቃ ቪዲዮ 12 ደቂቃ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ ዝግ ብሎ ይራመዳል፤ ድምፅ ለብቻ ቀድታችሁ ከሆነም አይገጥምም። ከዚያ ስልኩ ይወቀሳል። መፍትሔው ለኤፍኤፍኤምፔግ ፋይሉን ከመስጠታችሁ በፊት 30 መሆኑን መንገር ነው።

«ታዲያ በቀጥታ ኤምፒ4 አድርጌ ብቀርጽስ?» ይቻላል። ግን ኤምፒ4 አብዛኛውን ጊዜ ማውጫውን የሚጽፈው ቀረጻው ሲያልቅ ነው። መሀል ላይ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ አይከፈትም። ኤምኬቪ እስከዚያ የተቀረጸውን ይዞ ይተርፋል። እኔ በኤምኬቪ ቀርጻችሁ ኋላ ወደ ኤምፒ4 ብትገለብጡ እመርጣለሁ።

አንድ አስተያየት ሰጪ «አፕል ክፍት ሶፍትዌር ስለሚጠላ ሆን ብሎ ነው የሚከለክለው» ብሎ ሲከራከር አየሁ። አይፎን ዝግ መሆኑን አልክድም። ክፍት ሶፍትዌር የሆነው የቪዲዮ ማጫወቻ ቪኤልሲ በ2011 በፈቃድ ውዝግብ ከአፕ ስቶር ወጥቶ የተመለሰው በ2013 ነው። እዚህ ጉዳይ ላይ ግን ክሱ አይሠራም። የኤምፒ4 መሠረት የአፕል ክዊክታይም ፋይል ነው፤ ዛሬ ዓለም አቀፍ መስፈርት ሆኗል። በትክክል የታሸገ የኤች 264 ቪዲዮ ከፓይም ይምጣ ከሌላ፣ አይፎን ይከፍተዋል። የፎቶ መተግበሪያው የማይቀበለው ኤምኬቪን ነው።

ኤችኢቪሲ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። አይፎን ከአይኦኤስ 11 ጀምሮ ያጫውተዋል። ኤፍኤፍኤምፔግ ግን ወደ ኤምፒ4 ሲገለብጠው «ኤችኢቪ1» የሚል መለያ ይሰጠዋል፤ አፕል የሚፈልገው «ኤችቪሲ1»ን ነው። እዚህ ላይ መለያውን መቀየር በቂ ነው፤ ምስሉን አትንኩት። ቪፒ9 በሚባል ሌላ ኮዴክ የተጨመቀ ከሆነ ግን፣ ወደ ፎቶ ማኅደሩ እንዲገባ ከፈለጋችሁ፣ መልሶ መቁላት ግድ ነው።

በመጨረሻ ማጓጓዙ። የፓይ ሜሞሪ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ኤክስት4 በሚባለው የሊኑክስ ፎርማት ስለሆነ አይፎን አያነበውም። ፋይሉን ኤክስፋት በሚባለው፣ አይፎን በሚያነበው ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ገልብጡ። አይፎን 15 እና ከዚያ በኋላ የወጡት ዩኤስቢ ሲ ስላላቸው በቀጥታ ይሰካል። በቴሌግራም የምትልኩት ከሆነ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ መልሶ ሊጨመቅ ይችላል።