መዝለል ማን ያቅተዋል? ስለ ዝላይ አሰልጣኝነት የሚነገሩ ስህተቶች

በቅርቡ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ አባት ሥራዬን ጠየቁኝ። ኮሌጅ ውስጥ የዝላይ አሰልጣኝ ነኝ አልኳቸው። "ሩጫ ማለትህ ነው?" አሉ። አይ አባቴ፣ ዝላይ ነው። ርዝመት ዝላይ፣ ሱሉስ ዝላይ (ሦስት ጊዜ ተከታትሎ የሚዘለለው)፣ ከፍታ ዝላይ። ትንሽ አሰቡና "እሱን ደግሞ ማስተማር ያስፈልጋል እንዴ ልጄ? መዝለል ማን ያቅተዋል?" አሉኝ።

አባት ናቸው፣ አክብሬ ዝም አልኩ። ግን ይህን ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ በሠራሁባቸው 14 ዓመታት በሰርግም በለቅሶም ሰምቼዋለሁ። ጥያቄው ብቻውን ቢሆን ምንም አልነበረም። ችግሩ ከሱ ጋር የሚመጡት የተሳሳቱ አመለካከቶች ልጆችን መጉዳታቸው ነው። ስለዚህ መልሱን እዚህ ልጻፈው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

"ዝላይ የእግር ጉልበት ነው"

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ይኼ ነው። ወላጅ ልጁን ይዞ ይመጣል። "እግሩን እየው፣ ሚዳቋ እኮ ነው" ይለኛል። ልጁ በቆመበት ተነሥቶ የቅርጫት ኳስ ቀለበት ይነካል። ጂም ውስጥ ከባድ ብረት ያነሣል። እሺ እልና መንደርደሪያው ላይ አቆመዋለሁ። ሁሉም ነገር የሚገለጠው ያኔ ነው።

ርዝመት ዝላይ የሚጀምረው ከመነሻው ጣውላ ወደ 40 ሜትር ርቆ ነው። የዓለም ምርጥ ወንዶች ጣውላው ጋ ሲደርሱ በሰከንድ ወደ 11 ሜትር እየበረሩ ነው። እግራቸው ጣውላውን የሚነካው ለአንድ ሰከንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው። ዓይን አይደርስበትም። በዚያች ቅጽበት አዲስ ጉልበት ለማምረት ጊዜ የለም። ማድረግ የምትችለው ይዘኸው የመጣኸውን ፍጥነት ሳታባክን ትንሽ ወደ ላይ መምራት ነው።

"ትንሽ" ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጥሩ ዘላዮች የሚነሡበት ማዕዘን 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፊዚክስ ክፍል ውስጥ 45 ዲግሪ በጣም ያርቃል ተብለን ተምረናል። ያ ለተወረወረ ድንጋይ ነው። በሙሉ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው በ45 ዲግሪ ልነሣ ካለ መጀመሪያ ፍጥነቱን መግደል አለበት። ፍጥነቱን ከገደለ ደግሞ የሚያርቀው ነገር አይኖርም። "ወደ ላይ! ወደ ላይ!" እያሉ ከዳር የሚጮኹ ወላጆች ልጃቸውን እያሳጠሩት ነው።

ታሪኩን ተመልከቱ። አሜሪካዊው ጄሲ ኦውንስ በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ ላይ በርዝመት ዝላይ ብቻ ሳይሆን በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትርና በ4 በ100 ዱላ ቅብብልም ወርቅ ወሰደ። ካርል ሉዊስ በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ እነዚያኑ አራት ወርቆች ደገማቸው። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ርዝመት ዝላይ መጨረሻው አሸዋ የሆነ የፍጥነት ሩጫ ነው።

ታዲያ የእኔ ሥራ ምንድን ነው? በአብዛኛው እርምጃ መቁጠርና መለካት ነው። ከጣውላው አራት እርምጃ ቀድሞ ባለው ቦታ ጎን እቆማለሁ። መሬት ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ ሜትር ዘርግቼ፣ የልጁ እግር የት እንዳረፈ አያለሁ። ጣውላው 20 ሴንቲሜትር ስፋት ነው ያለው። ጫፉን ትንሽ ካለፈው ፋውል ነው፤ ስምንት ሜትር ቢዘልም አይቆጠርለትም። ነፋሱ ከኋላ ሲገፋ እርምጃው ይረዝማል፣ ከፊት ሲመጣ ያጥራል። ስለዚህ መነሻ ምልክቱን በየውድድሩ፣ አንዳንዴም በየሙከራው እናንቀሳቅሳለን። በጣም የተለመደው በሽታ ልጁ ጣውላውን በዓይኑ መፈለግ ሲጀምር እርምጃውን ማሳጠሩ ነው። እሱ አይታወቀውም። እኔ ግን በፕላስተሩ አየዋለሁ።

ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት እርምጃዎች አሉ። ከመጨረሻው በፊት ያለው ትንሽ ይረዝማል፣ ወገብም ትንሽ ይወርዳል። የመጨረሻው ያጥራል። ይህን ፍጥነት ሳይቀንሱ ማድረግ ዓመታት ይፈጃል። የማስተምረው ይህን ነው፣ አባቴ።

አንድ ልጅ ላንሣላችሁ። ሲመጣ ምርጥ ዝላዩ 6.91 ሜትር ነበር። ጂም ውስጥ የሚስተካከለው የለም። ሲንደረደር ግን መጨረሻ ላይ ፍሬን ይይዛል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በሙሉ መንደርደሪያ አንድም ቀን አላዘለልኩትም። መሮጥ፣ መቁጠር፣ እንደገና መሮጥ ብቻ። አባቱ ደውለው "ልጄን መቼ ነው የምታዘልለው?" ብለው ተቆጡኝ። ሚያዝያ ላይ 7.34 ዘለለ። ጂም ውስጥ የሚያነሣው ብረት ያው ነው፤ አንድ ኪሎ አልጨመረም።

እዚህ ላይ ለወላጆች ምክር አለኝ፣ እባካችሁ ስሙኝ። ልጃችሁን በየቀኑ አታዘልሉት። በሙሉ መንደርደሪያ መዝለል በሳምንት አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይበቃል። የቅልጥምና የጉልበት ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከመደጋገም ነው። ሱሉስ ዝላይ ደግሞ በአንድ እግር ላይ የሰውነትን ክብደት ብዙ እጥፍ ይጭናል፤ በ12 ዓመት ልጅ ላይ አይቀለድም። ለታዳጊ ሣር ላይ በአጭር መንደርደሪያ በአንድ እግር እየዘለለ መሄድ ይበቃዋል። ሣጥን ላይ ወጥቶ መውረድ የሚባለውን ከኢንተርኔት ያያችሁትን ልምምድ ተዉት። 30 ሜትር በፍጥነት ይሩጥ፣ በደንብ ይረፍ፣ ይድገም። አንድ መለኪያ ሜትርና አንድ ጥቅል ፕላስተር ግዙ። ከውድ ጫማ ይሻላል።

"አየር ላይ እግር ማወናጨፍ ያርቃል"

አያርቅም። እግሩ ጣውላውን ከለቀቀ በኋላ የሰውነቱ ክብደት የሚሄድበት መንገድ ተወስኗል። አየር ላይ የሚታየው እርምጃ ሰውነት ወደ ፊት እንዳይደፋና እግር ቀድሞ አሸዋውን እንዲነካ ነው።

"ከፍታ ዝላይ ለረጅም ሰው ነው"

ቁመት ይረዳል፣ አልክድም። ግን ፍራንክሊን ጃኮብስ ቁመቱ 1.73 ሜትር ነበር። የፌርሌይ ዲኪንሰን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1978 2.32 ሜትር ዘለለ። ከራሱ አናት 59 ሴንቲሜትር በላይ ማለት ነው። ስዊድናዊው ስቴፋን ሆልም ደግሞ በ1.81 ሜትር ቁመት 2.40 ዘሏል፤ አቴንስ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅም ወስዷል። አጭር ልጅ ሲመጣ "ሌላ ስፖርት ሞክር" የሚል አሰልጣኝ ሥራውን አያውቅም።

"አሰልጣኝ ለመሆን ሻምፒዮን መሆን ያስፈልጋል"

ይህን የሚጠይቁኝ ይህን ሥራ የሚመኙ ወጣቶች ናቸው። "እኔ ትልቅ ዘላይ አልነበርኩም፣ ማን ይቀጥረኛል?" ይላሉ።

ካርል ሉዊስን በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ያሠለጠነው ቶም ቴሌዝ ነው። ቴሌዝ ራሱ በዓለም መድረክ የታወቀ ዘላይ አልነበረም። የሰው ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ አጥንቶ የሚያውቅ፣ ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ነው። በአንጻሩ ሉዊስ ዘጠኝ የኦሎምፒክ ወርቅ ይዞም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት በረዳትነት ሠርቷል። ዋና አሰልጣኝ የሆነው በ2022 ነው። ሜዳልያው በር ይከፍታል እንጂ ሥራውን አይሠራም።

ከማወቅ ያልተናነሰ ደግሞ መቼ ዝም ማለት እንዳለብህ መረዳት ነው። ከፍታ ዘላዩ ዲክ ፎስበሪ ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በጀርባው የመዝለል ዘዴውን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዞ ነው የመጣው። አሰልጣኙ በርኒ ዋግነር መጀመሪያ ወደ ተለመደው ዘዴ ሊመልሰው ሞከረ። ውጤቱን ሲያይ ግን ተወው። በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ፎስበሪ በ2.24 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ዛሬ ዓለም በሙሉ በጀርባው ነው የሚዘለው። ዋግነር እልኸኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊዘገይ ይችል ነበር።

መንገዱ ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። እኔ የጀመርኩት ያለ ደመወዝ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ ኮሌጅ ሁለት ዓመት "በሚቀጥለው ዓመት እንቀጥርሃለን" እያለ አሸዋ አስገለበጠኝ፣ መኪና አስነዳኝ፣ አልቀጠረኝም። ማታ ማታ ፓርኪንግ እሠራ ነበር። እንደ እድል ሆኖ ያለ ክፍያ የሚሠራ አሰልጣኝ የሚባለው መደብ በ2023 ከኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል) የመጀመሪያ ዲቪዚዮን፣ ማለትም የከፍተኛው ደረጃ ኮሌጆች፣ ሕግ ወጥቷል። ዛሬ የሚጀምር ሰው የአሜሪካ አትሌቲክስ ማኅበር የሚሰጠውን የአንደኛ ደረጃ ኮርስ ይውሰድ፣ ከዚያ ሁለተኛውን። ማስተርስ እየተማረ በረዳትነት የሚሠራበትን ቦታ ይፈልግ። ዝላይ ብቻ የሚያሠለጥን ቦታ ጥቂት ነው። ስለዚህ ምርኩዝ ዝላይም ይወቅ፣ የአሥርና የሰባት ውድድር ቅንብር የሆኑትን ዴካትሎንና ሄፕታትሎንንም ይልመድ። ቀጣሪው የሚጠይቀው "ስንት ዘለልክ?" ሳይሆን "ስንት ነጥብ ታመጣልናለህ?" ነው። በሻምፒዮናው አንደኛ የወጣ 10 ነጥብ ያስገኛል፣ ሁለተኛ 8፣ እንዲያ እያለ ስምንተኛው 1 ነጥብ። የእኛ እንጀራ እዚያ ውስጥ ነው።

"የሦስት ወር ሥራ ነው"

መስከረም ዝግጅት ይጀመራል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የቤት ውስጥ ውድድር አለ። ከዚያ እስከ ሰኔ የሜዳ ውድድር። በጋውን አዲስ ልጅ ፍለጋ። ሕጉ በውድድር ወቅት አንድን አትሌት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ ማሠልጠን ይከለክላል። አሰልጣኙን ግን የሚቆጥርለት የለም። ዋና አሰልጣኙ ከተሰናበተ ደግሞ ረዳቶቹም አብዛኛውን ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። ቤት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አስቡ።

"ልጄ ከዘለለ ኮሌጅ ነፃ ነው"

ይህን ስሰማ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ቤተሰቦች በዚህ ተስፋ ገንዘብ ያፈሳሉ። ለብዙ ዓመታት አንድ የመጀመሪያ ዲቪዚዮን ኮሌጅ ለወንዶች አትሌቲክስ የነበረው ጣሪያ 12.6 ሙሉ ስኮላርሺፕ ነበር፤ ለሴቶች 18። ያ ለሯጩም ለወርዋሪውም ለዘላዩም ይቆራረሳል። አንዱ ሩብ ያገኛል፣ ሌላው መጽሐፍ መግዣ። ከ2025 ጀምሮ የኤንሲኤኤን አዲስ የፍርድ ቤት ስምምነት በተቀበሉ ኮሌጆች ያ ጣሪያ ተነሥቷል። በምትኩ የአትሌት ቁጥር ተገድቧል፤ 45 ወንድ፣ 45 ሴት። ቦታው ጠበበ ማለት ነው። ሦስተኛ ዲቪዚዮን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ሃርቫርድና መሰሎቹም አይሰጡም፤ እነሱ የሚረዱት በቤተሰብ ገቢ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ሒሳቡን ያጥና። ውጤቱ ጥሩ ከሆነ ለእኔም ቡድን ውስጥ ማስገባት ይቀለኛል።

"የእኛ ሰው ለዝላይ አልተፈጠረም"

ይህ ከራሳችን ሰው ሲመጣ ያመኛል። በኦሎምፒክ ሜዳልያ ያገኘነው በረጅምና በመካከለኛ ርቀት ሩጫ ነው፣ እውነት ነው። "ደጋ ስለሆንን ሳንባችን ለረጅም ርቀት ነው" ይባላል። ግን ደጋውን ራሱን እንየው።

አሜሪካዊው ቦብ ቢመን በ1968 በርዝመት ዝላይ 8.90 ሜትር የዘለለው ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነው። የቀድሞውን ክብረ ወሰን በ55 ሴንቲሜትር በለጠው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ስስ አየር ለፈጣን ሯጭና ለዘላይ ይቀላል። በዚያው ኦሎምፒክ፣ ከቢመን ዝላይ ሁለት ቀን በኋላ፣ ማራቶኑን ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። እኛ ማሞን እናስታውሳለን፣ ቢመንን ግን የሌላ ዓለም ሰው እናደርገዋለን። አዲስ አበባ ከሜክሲኮ ሲቲም ከፍ ትላለች። ጎድሎን የቆየው አሸዋው፣ መንደርደሪያውና ከዳር ቆሞ እርምጃ የሚቆጥር ሰው ነው እንጂ እግር አይደለም።

አንዲት ሐበሻ ልጅ አለችኝ። ኮሌጅ የገባችው 800 ሜትር ሯጭ ተብላ ነው። የመጀመሪያውን 200 ሜትር ሁሉን ጥላ ትሄድና መጨረሻ ላይ ትሞታለች። ዋና አሰልጣኙን ለምኜ ወሰድኳት። እናቷ ደወሉልኝ። "ወንድሜ፣ እኛ እኮ ሯጮች ነን። ልጄን ለምን አሸዋ ውስጥ ትጥልብኛለህ?" አሉ። አንድ ዓመት ብቻ ይስጡኝ አልኳቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሱሉስ 11 ሜትር በጭንቅ ነበር። በሦስተኛው ዓመት 12.40 ዘለለች።

አሁን እናቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና በፔርሙስ ይዘው ይመጣሉ። ከአሸዋው ጎን ነው የሚቆሙት። ባለፈው ውድድር ዳኛው ዝላዩ ልክ ነው ብሎ ነጭ ባንዲራ ሲያነሣ ከእኔ ቀድመው እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።