«ቅሪተ አካል» ሲባል የስንት ዓመት ነው?

ሉሲም ቅሪተ አካል፣ ዳይኖሰርም ቅሪተ አካል ስለሚባሉ ብዙ ሰው አብረው የኖሩ ይመስለዋል። አልኖሩም። ቃሉ ዕድሜ አይናገርም፤ ከጥንት ፍጡር በድንጋይ ውስጥ ተጠብቆ የቀረ ነገር ማለት ነው፣ አጥንትም ይሁን ጥርስ፣ የእግር ዱካም ቢሆን።

አርጀንቲና ውስጥ የተገኘውን ፓታጎታይታን የተባለ ዳይኖሰር እንይ። ርዝመቱ 37 ሜትር ገደማ ይገመታል። የጭኑ አጥንት ብቻ ከ2 ሜትር በላይ ነው፣ አጠገቡ ብትጋደሙ ይበልጣችኋል። አጥንት ስንለውም ውኃ ይዞት የመጣ ማዕድን ቀስ በቀስ ገብቶበት ድንጋይ የሆነ ነው። የኖረው የዛሬ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

አሁን 100 ሜትር የሆነ ኳስ ሜዳ አስቡ፤ አንዱ ሜትር አንድ ሚሊዮን ዓመት ይሁን። እናንተ አንዱ ጎል መስመር ላይ ቆማችኋል፣ ፓታጎታይታን ወዲያኛው ጎል ጋ ነው። ዳይኖሰሮች (ወፎችን ሳንቆጥር) የጠፉት 66ኛው ሜትር ላይ፣ ከመሃል ሜዳ ማዶ። ድንቅነሽ፣ ያቺ ሐዳር ላይ የተገኘችው፣ 3.2 ሜትር ላይ ናት፤ በረኛው አፍንጫ ሥር ማለት ይቻላል። የእኛ ዝርያስ? 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ አንድ የተማሪ ማስመሪያ። ጽሑፍ ከተጀመረ ወዲህ ያለው ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የጫማችሁ ጫፍ ይሸፍነዋል።